ሮምበስ የሆነው ቤታችን

በቀደም ሐይቅ ከተማ ገብቼ ከባጃጅ ስወርድ ከመንገዱ ዳር አንድ ቤት ሲመረግ አየሁ። ሁለት ሰዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃውን ከጭዱ ጋር ይረግጣሉ። ጭቃው ተብላልቶ ሰንብቷል መሰለኝ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆምኩ። ሳላስበውም ዓይኔ ወደ ቤቱ በር ሄደና ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ ለካሁት። እኩል ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰው ቤት ስሄድ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ሰላም ከማለቴ በፊት በሩን አያለሁ፣ ከዚያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ለመውጫ የሚቀርበውን ወንበር። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ አምስተኛ ክፍል እያሉ የበልጉ ዝናብ ከሮምበስ ትምህርት ጋር አልገጠመባቸውም።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነበር። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል። ቤቱን በገዛ እጃቸው የሠሩት አያቴ አባባ ይመር ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን የሰፈሩን ግማሽ ቤት ያቆሙ እሳቸው ናቸው ይባላል። ያን ዓመት ግን እግራቸው ከድቷቸው፣ ከትልቁ ክፍል በስተጀርባ ባለችው እልፍኝ ውስጥ አልጋ ላይ ነበር የሚውሉት። እናቴ ሕፃን ሆኜ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እቴ ዘሀራ ናት። አባቴ ከውጫሌ ገበያ እህል እያመጣ ስለሚሸጥ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። እንግዲህ ቤተሰቡ ይኸው ነው፤ አራት ሰው፣ እንደ ካሬ።

የሒሳብ መምህራችን ቲቸር አልማዝ ትባል ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ጠመኔ የማይለቃት ሴት ናት። አንድ ቀን እኩል የተቆረጡ አራት ሸንበቆዎችን በየጫፋቸው በምስማር አያይዛ ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካሬ!» አልን በአንድ ድምፅ።

የላይኛውን ጎን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ሸንበቆው ሁሉ አብሮ አዘነበለ።

«አሁንስ?»

«ካሬው ወደቀ!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ፤ ተሳቀ።

«አልወደቀም። ሮምበስ ሆነ። ጎኖቹ ተለወጡ?»

«አልተለወጡም!»

«የተለወጠው ምንድን ነው? ማዕዘኑ ነው። ጎኖቹ ያው እንደነበሩ ናቸው፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ምንም የተነካ አይመስለውም።»

እየሳቀች መግፋቷን ቀጠለች። ሮምበሱ ጠበበ፣ ጠበበ፣ በመጨረሻ አራቱ ሸንበቆዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ።

«አሁን ውስጡ ምን ቀረ?»

«ምንም!» አለ ክፍሉ በደስታ።

እኔ አላልኩም። እኔ በዚያች ቅጽበት ያየሁት ሸንበቆ አይደለም፤ የአባባን እልፍኝ ነው። እልፍኟ ትንሽ ናት፣ አልጋቸው የተጠጋበት ግድግዳ ቁመቱም ወርዱም አንድ ነው፣ በአራቱ ጎኖቹ አራት እንጨት ይታያል። ከጥቂት ቀን ወዲህ ደግሞ በሯ መሬቱን እየፋቀች ነው የምትከፈተው።

ቲቸር አልማዝ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረች። «ከማዕዘን ወደ ፊት ለፊቱ ማዕዘን የሚሄደው ይህ ዲያጎናል ይባላል። ካሬ ላይ ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው። ሮምበስ ሲሆን አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። በሁለቱም ላይ ግን መሃል ለመሃል ነው የሚቋረጡት። ዓይናችሁን አትመኑ። ካሬ ነው ሮምበስ? ዲያጎናሉን ለኩ!»

እሷ ለፈተና ብላ ነው የነገረችን። እኔ ግን ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ደብተሬን ሳልዘጋ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

የዚያን ሳምንት ያላየሁት ሮምበስ የለም። ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ሲያሰጡ ሄጄ ቆምኩ። የተዘረጋው መረብ ዓይኑ ሁሉ ክፍት ሮምበስ ነው። አንዱ ሰውዬ ጫፉን ይዞ ሲጎትተው ዓይኖቹ በአንድ ጊዜ ተጨፈኑና መረቡ ገመድ ሆነ። ሰውየው እያፏጨ ነበር የሚጎትተው። እንዴት ያፏጫል ብዬ ተናደድኩበት።

ለመለካት ገመድ ያስፈልገኝ ነበር። ገመድ ደግሞ ነበረ፤ ከአባባ እልፍኝ ምሰሶ ላይ በችንካር የተሰቀለ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የቃጫ ገመድ። አባባ እግራቸው ደህና በነበረ ጊዜ አንዳንድ ቀን ሰው ይመጣና «አባባ ይመር፣ ገመዱን ይዘው ይድረሱልን» ይላቸዋል። እሳቸው ምንም ሳይጠይቁ ገመዱን ከችንካሩ አውርደው ይሄዳሉ። እኔ ቤት ሊለኩ ነው የሚመስለኝ። ቤት ሠሪ አይደሉ? እርግጥ ከሄዱበት በኩል ለቅሶ ይሰማል። ቤት መሥራት ከባድ ነገር ቢሆን ነው ሰዎቹ የሚያለቅሱት እል ነበር።

አባባ ከዙህር ሶላት በኋላ ትንሽ ያሸልባሉ። ያን ሰዓት ጠብቄ ገባሁ። የገመዱን አንድ ጫፍ በግርጌያቸው በኩል ከታች ካለው ምስማር አሰርኩ። ከዚያ ራስጌያቸው አጠገብ ካለው ሳጥን ላይ ወጥቼ ወደ ላይኛው ማዕዘን ወጠርኩት። ገመዱ ከእግራቸው ተነስቶ በደረታቸው ላይ አልፎ ከራሳቸው በላይ ደረሰ። በደረሰበት ላይ ቋጠሮ አሰርኩ። ወርጄ በተቃራኒው በኩል ለካሁ፤ ከራስጌ ታች ወደ ግርጌ ላይ። ገመዱ ቋጠሮው ሳይደርስ ተወጠረ። አንድ ጣት ያህል ነው የሚያንሰው።

ለማረጋገጥ እንደገና ከግርጌ ወደ ራስጌ ስወጥረው ነው እቴ ዘሀራ አጥሚት ይዛ የገባችው። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ ገመዱ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙትን አባቷን። አጥሚቱ ከእጇ ወደቀ።

«ያ ረቢ! ያ ረቢ! የቁም ሰው ትለካለች! ኧረ ሰዎች፣ አባቴን ትለካብኛለች!»

ጎረቤቱ በሙሉ መጣ። ከሳጥኑ ላይ አወረዱኝ፣ ገመዱን ቀሙኝ፣ አንዷ ሴት «አስተግፊሩላህ በይ» ብላ አገጬን ያዘች። አልኩ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም። ማታ አባቴ ከውጫሌ ሲመለስ ከበር ነው የነገሩት። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«ቲቸር አልማዝ።»

«ምን? ሰው እንድትለኪ?»

«አይ፣ ሮምበስ እንድለካ።»

አባቴ ወደ እህቱ ዞረ። «ሮምበስ ማነው?»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? አለቀስኩ። ያን ጊዜ ከእልፍኝ የአባባ ድምፅ መጣ።

«ተዉአት። በዚያ ገመድ የስንቱን የቀብር ልክ ወስጃለሁ። ገመድ ሰው አይገድልም። ልጅቱን ወደኔ ላኩልኝ።»

የቀብር ልክ። ቃሉን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቁመቱን በገመድ ወስዶ ለቆፋሪዎቹ የሚያደርሰው ሰው አባባ ነበሩ ለካ። ያ ሁሉ ለቅሶ የቤት ሥራ ለቅሶ አልነበረም። እጄን ቀሚሴ ላይ ደጋግሜ ጠረግሁት፤ ገመዱ ግን አሁንም እጄ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝ። «በይ ንገሪኝ የኔ ዓለም። እኔን ነው የለካሽው ወይስ ሌላ?»

«ግድግዳውን።»

«እንዴት ወጣ?»

«አንዱ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ።»

«ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ መንገዱ?»

«ወደ ሐይቁ።»

«አውቃለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በጣታቸው የግድግዳውን ጥግ አሳዩኝ። እንጨቱና ጭቃው ተለያይተው ቀጭን ክፍተት ነበረች። «ጠዋት ጠዋት በዚች በኩል ፀሐይ ትገባልኛለች። ድሮ አትገባም ነበር።»

«ለአባቴ ልንገረው?»

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ትልቅና ደረቅ ነው። «ብትነግሪው ነገ ደሴ ነኝ። ደሴ ያለው አጎትሽ ደግ ልጅ ነው፤ አምጡልኝ ካለ ቆይቷል። ግን ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሰው ግድግዳ ነው። እኔ እዚሁ፣ ሐይቁን እያየሁ ነው መሞት የምፈልገው። አትንገሪ።»

«ቤቱ ቢወድቅብዎትስ?»

«እኔ የሠራሁት ቤት ነውር ያውቃል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልናገርም ብዬ ግን ቃል ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው እንጃ። ብናገር አባባ ደሴ ይሄዳሉ። ባልናገር ቤቱ ይጫናቸዋል። ዝናቡ ደግሞ አያባራም። የአምባሰል ተራራ ጠዋት ጭጋግ ለብሶ ማታም ጭጋግ ለብሶ ነው የሚያመሸው። ከቆርቆሮው ላይ የዝናቡ ድምፅ ከበድ ሲል ተነስቼ እቀመጣለሁ፤ ሲያቆም ደግሞ ጭቃው ሲፈረፈር እሰማ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ። ልብሴን ሳላወልቅ እተኛለሁ። ምሳዬን አልበላም። እቴ ዘሀራ የሆድ ትል ነው ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝና የትል መድኃኒት ተሰጠኝ። ዋጥኩት። ሮምበስ በመድኃኒት አይወጣም አላልኩም።

እቴ ዘሀራ ወደ ገበያ በወጣች ቁጥር አባባ ራሳቸው «ገመዱን ከችንካሩ አውርጂው» ይሉኛል። እለካለሁ። እሳቸው ከሥሩ ተኝተው ገመዱን በዓይናቸው ይከተላሉ። «ዛሬስ?» ይሉኛል። የጣቱ ልዩነት መዳፍ ሲያህል አልነገርኳቸውም፤ ቋጠሮውን አሳየኋቸው። እሳቸውም ዓይተው መልሰው ሰጡኝ።

አንድ ቀን ከክፍል ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ።

«ቲቸር፣ ካሬው ሮምበስ እንዳይሆን ምን ይደረጋል?»

ቲቸር አልማዝ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ሸንበቆዎቹን ከቁም ሳጥን አወጣች፣ ካሬ አድርጋ ያዘቻቸው፣ አምስተኛ ረዘም ያለ ሸንበቆ ፈልጋ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በምስማር መታችው።

«በይ አሁን ግፊው።»

ገፋሁ። በሁለት እጄ ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም።

«ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሆነ አየሽ? ሦስት ማዕዘን አያዘነብልም። ምነው፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ልውሰደው?» አልኳት። ሰጠችኝ።

ወደ ቤት ስሮጥ ዝናቡ ጀመረ። ሸንበቆውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንዳይሰበር እየፈራሁ፣ ጭቃው ጫማዬን እየጎተተው ደረስኩ። እቴ ዘሀራ ወፍጮ ቤት ነበረች፣ አባቴ ውጫሌ። የውጭውን በር አልፌ ወደ እልፍኝ ሄድኩና በሩን ገፋሁት። አይከፈትም። ቀና ብዬ ሳየው የበሩ መቃን ካሬ አልነበረም፤ ከላይ በኩል አዘንብሎ ሳንቃውን ነክሶት ይዟል።

«አባባ!»

«አለሁ።»

«በሩ እምቢ አለኝ!»

«እኔም ከዚህ እያየሁት ነው።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ ግን ከጀርባው አንድ ነገር ሲፈረፈር ሰማሁ። ጭቃ አልጋ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ። ደጋግሞ ወደቀ።

በትከሻዬ ገፋሁ። በእግሬ ረገጥኩ። ማንም የለም። መጮህ እችል ነበር፤ አጥሩ ማዶ ጋሽ ተስፋዬ አሉ። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ከጮህኩ ሁሉም ያውቃል። አፌን ከበሩ ስንጥቅ ጋር አጣበቅኩ።

«አባባ፣ ልጩህ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሩን በጡጫዬ መታሁት።

«አባባ! ልጩህ ወይ?»

«ጩኺ» አሉ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ነው የተሰበረው። «ጩኺ የኔ ዓለም። ጩኺ።»

«ጋሽ ተስፋዬ! ጋሽ ተስፋዬ! ቤታችን ሮምበስ ሆነ!»

ጋሽ ተስፋዬ የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈራችን እድር፣ ዳኛ ናቸው። ሮምበስ የእባብ ዓይነት መስሏቸው መጥረቢያ ይዘው መጡ። በሩን ሲያዩ ግን ምንም አልጠየቁም። ማጠፊያውን በመጥረቢያው ፈነቀሉት፣ ሳንቃው ወደቀ። አባባ ፊታቸውና ፂማቸው አፈር ሆኖ፣ ግድግዳው ወደ እሳቸው ጎንበስ ብሎ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ የቅሬው ቃሬዛ መጣ፤ ሰው ሲታመምም ሲሞትም የምንሸከምበት ያው ቃሬዛ ነው። ወደ ጋሽ ተስፋዬ ቤት ተሸክመው ወሰዷቸው።

ማታ አባቴ መጣ። ግድግዳውን አይቶ ወደ ጋሽ ተስፋዬ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያለው «ነገ ደሴ» ነው። ያ የፈራሁት ቃል። አባባ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። እኔ ሸንበቆዬን ይዤ መሃል ገባሁ።

«ይሄን ብናደርግለት እኮ አያዘነብልም! ግፉት! ግፉትና እዩት!»

ጋሽ ተስፋዬ ተቀብለው አገላበጡት። ተአምር ያሳየኋቸው መስሎኝ ነበር። «ይሄማ ሰያፍ ድጋፍ ነው» አሉ። «ድሮም ይገባል። አባባ ይመር፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ሰያፍ አላስገቡም እንዴ?»

አባባ ሳል ጠፍንጓቸው ቆዩ። «ያኔ እንጨት አልቆብኝ ነው። በኋላ አስገባለሁ ብዬ… ረሳሁት።»

ቤቱን ሁሉ ሳቅ ሞላው። አባቴም ሳቀ። ጋሽ ተስፋዬ ወደ አባቴ ዞር ብለው «ደሴ አትውሰዳቸው። ቤቱን እናቃናዋለን፤ ሰፈርተኛው ለሳቸው ቤት እምቢ አይልም» አሉት። አባቴ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። ዝምታው እሺ ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ቅዳሜ ደቦ ወጣ። ጭቃውን ከየማዕዘኑ ፈልፍለው እንጨቱ እንዲላላ አደረጉ፣ ወፍራም ገመድ ከላይኛው ጫፍ አሰሩ፣ ወንዶቹ ከመንገዱ በኩል ተሰልፈው «ያዝ! ሳብ!» እያሉ ጎተቱ። አባባ ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ፣ ዣንጥላ ተይዞላቸው፣ አንዴ ሐይቁን አንዴ ቤታቸውን ያያሉ። ቤቱ አቃሰተ። ግድግዳው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«በቃ፣ ቀና!» አለ አንዱ።

«ዓይንህን አትመን» አሉ አባባ። ከኔ የሰሙት ነው። «ልጅቱ ትለካው።»

ገመዱን ሊያመጣ የተነሳ ሰው የለም። ሰው በሙሉ ያን ገመድ ያውቀዋል። እኔም አልተነሳሁም። እቴ ዘሀራ ናት የተነሳችው። እልፍኝ ገብታ «ቢስሚላህ» ብላ ገመዱን ከችንካሩ አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ከግርጌ ወደ ራስጌ ለካሁ። አልጋው ባዶ ነበር። ከራስጌ ወደ ግርጌ ለካሁ። ደገምኩት። ከዚያ የድሮ ቋጠሮዎቼን ፈትቼ አዲስ አንድ ብቻ አሰርኩ፤ ለሁለቱም የሚሆን።

«እኩል ነው!»

ረጅሙን እንጨት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መቱት፣ የእልፍኙንም በር መልሰው ሰቀሉት። ሴቶቹ ቀደም ብሎ ተቦክቶ የሰነበተውን ጭቃ ረገጡ፣ እኔም ረገጥኩ። ቤቱ በዚያ ኮምጣጣ ሽታ ተሞላ፤ አባባ ወደ እልፍኛቸው ሲመለሱ ሽታውን በረጅሙ ሳቡትና «አሁን ቤት ቤት ሸተተ» አሉ። ያን ሌሊት ልብሴን አውልቄ ተኛሁ።

ሰኔ ሳይገባ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ አንድ ጠዋት እቴ ዘሀራ አጥሚት ይዛ ገብታ አባባን ስትጠራቸው አልመለሱላትም። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነበር፣ ሐይቁም እዚያው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራ የኖርኩት ግድግዳ ከአጠገባቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጣቱንም አላነሳባቸውም። እኔ ግድግዳውን ስጠብቅ ሞት በሌላ በኩል መግባቱ አናደደኝ፤ በጣም አናደደኝ።

ልክ ሊወስዱ ጋሽ ተስፋዬ መጡ። ገመዱን ከችንካሩ ሲያወርዱ ቋጠሮዬን አገኙትና ሊፈቱት ጀመሩ።

«ተዉት» አላቸው አባቴ። «የቤቱ ልክ ነው።»

በነጠላ እንደተሸፈኑ ለኳቸው፤ ከእግር እስከ ራስ፣ እኔ እለካ እንደነበረው። የአባባ ልክ ቋጠሮ ከገመዱ ጫፍ እስከ እኔ ቋጠሮ ባለው እኩሌታ ላይ አረፈ፤ ቲቸር አልማዝ ሁለቱ መስመሮች ይቋረጡበታል ያለችን ቦታ ላይ። አባባ እንዲህ ትንሽ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ቃሬዛው መጣ። ወንዶቹ አንስተው ወደ እልፍኙ በር ሲያመሩ እኔ ቀድሜ ሮጥኩና በሩን ገፋሁት። ምንም ሳይፍቅ፣ ምንም ሳይነክስ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ተከፈተ። እስኪያልፉ ይዤው ቆምኩ።